አምሽቶ ማጥናት ወይስ ሌሊት ተነስቶ?

ፈተና ሲቃረብ የደብረ ብርሃን ተማሪ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ያለው በሰከንድ ከ4 ጊዜ በታች በሚመላለሱት ዝግተኛ የአንጎል ሞገዶች ላይ ነው። የጥልቅ እንቅልፍ ምልክቶች ናቸው፤ የሚበዙት በመጀመሪያዎቹ የእንቅልፍ ሰዓታት ነው፤ ቀን የተጠናው እንዲጸናም ያግዛሉ።

እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ማምሸት፦ ጥልቁ እንቅልፍ ብዙም አይጎድልም፤ የደከመ አንጎል ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሱ የሚቆረጠው የመጨረሻው፣ ሕልም የሚበዛበት ክፍል ነው። የማታ ቡና ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ስላለ እንቅልፍ ቢወስድዎ እንኳ ሞገዶቹ ይዳከማሉ።

ማታ 3 ሰዓት ተኝቶ 10 ሰዓት መነሳት፦ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይገኛል። ፈተናው ብርዱ ነው፤ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ከብርድ ልብስ መውጣት ቀልድ አይደለም። ጋቢ ይደርቡ እንጂ በተዘጋ ክፍል ከሰል አያንድዱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። እስከ 30 ደቂቃ መፍዘዝ ስለሚኖር በክለሳ ይጀምሩ፤ ሒሳቡን ያቆዩት።

በቃል ለሚያዝ ትምህርት ማታ አንብቦ ቶሎ መተኛት ይሻላል። ዶርሙ እስከ 5 ሰዓት የሚንጫጫ ከሆነ ማምሸቱ ይቀላል፤ ያኔ ጠዋት አርፍደው ይነሱ።