ባብል ቲፕ አኒሞን፦ ለጀማሪ የሚመከረው፣ ገንዳው ከበሰለ ብቻ

አኒሞን አበባ የሚመስል፣ በሚናደፉ እጆቹ ምግቡን የሚይዝ የባሕር እንስሳ ነው፤ በቤት ውስጥ የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳም ይያዛል። ይህን ፍለጋ ሱቅ የገባ ሰው ምርጫው ብዙ ነው፤ እንደ ስሙ ምንጣፍ የሚመስለው ካርፔት አለ፣ ማግኒፊካ አለ፣ በርካሽ የሚገኘው ኮንዲላክቲስ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን የሚሻለው ባብል ቲፕ ነው። ገንዳ ውስጥ ራሱን ለሁለት እየከፈለ ስለሚባዛ፣ ከባሕር ተነቅሎ በጉዞ የተንገላታ ሳይሆን በሰው እጅ ያደገ፣ መብራቱንና ምግቡን የለመደ ማግኘት ይቻላል። ገዢው ሻጩን በቅድሚያ መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው፤ «ከባሕር የመጣ ነው ወይስ ገንዳ ውስጥ ተከፍሎ የተገኘ?» «ሬይንቦ» የሚባለው ባለብዙ ቀለም ዓይነት ዋጋው ከተራው አረንጓዴና ቡናማ በብዙ ይወደዳል፤ ጭማሪው የቀለም እንጂ የጥንካሬ አይደለም።

እንስሳው ለአካባቢያችን ባዳ አይደለም። ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ይገኛል፤ በሳይንስ መዝገብ የገባውም ሩፔልና ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተሙት የቀይ ባሕር ጥናት ነው። ይኸው ኤድዋርድ ሩፔል ኋላ አገራችን ዘልቆ ለዋሊያ ሳይንሳዊ ስሟን የሰጣት ሰው ነው። በቀይ ባሕር ባለሁለት መስመሩ ክላውን ዓሣ በዚህ አኒሞን ውስጥ ይኖራል። በየሱቁ የሚሸጠው ብርቱካናማና ነጩ ኦሴላሪስ ግን በተፈጥሮው የሌሎች አኒሞኖች እንግዳ ነው፤ ባብል ቲፕ ውስጥ በቀናት ሊገባ፣ ወራት ሊቆይ፣ ጭራሽም ላይገባ ይችላል። ለዓሣው ብሎ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን አውቆ ይግባበት።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው አፉ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ እንደታሰረ ከረጢት አፍ ጥብቅ ያለች መሆን አለባት፤ ተበልቅጣ ውስጧ የሚታይ ከሆነ ይቅር። እግሩ ድንጋይ ወይም መስተዋት ላይ የተጣበቀ፣ ያልተቀደደ ይሁን፤ እጆቹ ሲነኩም ጭብጥ ያድርጉ። ነጣ ያለው ቆንጆ ቢመስልም ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁለትን ጥቃቅን አልጌዎች ያጣ ነው። ደማቅ ቢጫ ከሆነ ቀለም የተነከረ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከድንጋዩ ሊልጠው ከሞከረ ድንጋዩን ጨምሮ መግዛት ይሻላል፤ የተቀደደ እግር ብዙ ጊዜ አይድንም።

ገንዳው ቢያንስ 6 ወር የሠራና 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ እንስሳው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ጨዋማነት 35 በሺህ (1.026)፣ ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ጥሩ ነው። መብራቱ እንስሳው በሚያርፍበት ቦታ ከ100 እስከ 250 ፓር (አልጌዎቹ ለምግብ ዝግጅት የሚጠቀሙበት ብርሃን መለኪያ) ይበቃል። ቀድሞ በመዳብ መድኃኒት የታከመ ገንዳ ግን አይሆንም፤ መዳብ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ቆይቶ እየወጣ ይገድለዋል።

ብዙ አኒሞን የሚሞተው በበሽታ ሳይሆን በፓምፕ ነው። እንስሳው ይሄዳል። ቦታው ካልተመቸው ሌሊት በእግሩ እየተሳበ ሞገድ ፈጣሪው ፓምፕ ላይ ይደርሳል፤ ፓምፑ ይስበዋል፣ ይከታትፈዋል፣ ጠዋት ውኃው እንደ ወተት ነጥቶ ዓሦቹ ጭምር ሲያጣጥሩ ይገኛሉ። ስለዚህ አኒሞኑ ከመገዛቱ በፊት የፓምፖቹ መሳቢያና የውኃ መውረጃው አፍ ሰፋፊ ቀዳዳ ባለው ስፖንጅ ወይም መረብ ይሸፈን። ስፖንጁ በየሳምንቱ ካልታጠበ ይደፈንና ፓምፑን ያሞቀዋል። ማሞቂያው ገንዳው ውስጥ ከሆነ እሱም መከለያ ያስፈልገዋል፤ ተጠግቶ ይቃጠላል።

ማስገባቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ከረጢቱ እንደታሰረ ለ20 ደቂቃ ውኃው ላይ ይንሳፈፍ። ቀጥሎ አኒሞኑ ከነውኃው ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ገብቶ፣ ቋጠሮ በተደረገበት ቀጭን የአየር ቱቦ የገንዳው ውኃ በሰከንድ 2 ወይም 3 ጠብታ ይንጠባጠብለት፤ የባልዲው ውኃ ሦስት እጥፍ ሲሆን ይበቃል። ሌሊቱን ከረጢት ውስጥ አድሮ የመጣ ከሆነ ማጓተት አያስፈልግም፤ ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከፍ ይላል፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ያኔ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። የባልዲው ውኃ ገንዳው ውስጥ አይደፋም።

ፓምፖቹ ጠፍተው፣ ጓንት በለበሰ እጅ እግሩ ወደ ድንጋይ ስንጥቅ ይጠጋ፤ እግሩ ጥላ፣ እጆቹ ብርሃን ይወዳሉ። እስኪይዝ አንድ ሰዓት ያህል ሞገዱ ይቁም፤ ከዚያ በዝግታ ይከፈት። ከኮራሎች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ይናደፋልና። በማግሥቱ ቦታ ከቀየረ አይነካ።

በመጀመሪያው ሳምንት መሟሸሽና ከአፉ ቡናማ ክር ማውጣት የተለመደ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይነፋል። አፉ እንደተከፈተ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየና መሽተት ከጀመረ ግን ወዲያው ይውጣ፣ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየር፣ የውኃ ማጣሪያ ከሰል ይጨመር። ምግብ ከሳምንት በኋላ ይጀመራል፦ ከአፉ ያነሰ የሽሪምፕ ቁራጭ፣ በሳምንት አንዴ። ከተፋው ትልቅ ነበር ማለት ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሆኖ ከተገኘም መደንገጥ የለም፤ የሁለቱም ቁስል ድኖ አፋቸው ክብ እስኪሆን ምግብ አይሰጣቸውም።