ለእህቴ ስሟን ለመለሱላት ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለእኚህ ሴት በአደባባይ ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር እግዚአብሔርም አይወደውም። ከዓረብ አገር ተመልሳ "ተለወጠችብን" የምትባል እህት ወይም ልጅ በብዙ ቤት እንዳለች አውቃለሁ። ስለዚህ ጽሑፉ ቢረዝምም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እህቴ ስድስት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ የተመለሰችው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ደላላው ፓስፖርቷን ያስወጣላት በሌላ ስም ነበር። አሠሪዎቿ ደግሞ ያም ስም አልጥም ብሏቸው ሦስተኛ ስም አወጡላት። በወር አንድ ጊዜ እመቤቲቱ አጠገቧ ቆማ ከምታነጋግረን ደቂቃዎች በቀር፣ እናታችን ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። እዚያ ቤት የደረሰባትን እኔ አልጽፈውም። የእሷ ነው፤ ከፈለገች አንድ ቀን ራሷ ትናገረዋለች። ዛሬ የምንተኛበት ቤት ቆርቆሮ የተገዛው ግን በዚያ ደመወዝ ነው፤ ዝናብ በመታው ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ስትመጣ ደህና ትመስል ነበር። በሳምንቱ የጓዳውን መስታወት በነጠላ ሸፈነችው። "ያቺ ሴት ታየኛለች" አለችኝ። በስሟ ስንጠራት ዞር አትልም። ቡና እየቀዳች ጀበናዋን እንደያዘች እጇ ባለበት ይቀራል፤ ዓይኗ ተገልጦ እሷ ግን የለችም። ቡናው ከሲኒው ተርፎ ረከቦቱን ሲያጥለቀልቀው እንኳ አታይም። አንድ ጊዜ ከቤት ወጥታ ጠፋችና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ አገኘናት። በምን እንደመጣች አታውቅም። ሌሊት ደግሞ በቀጭን፣ በሕፃን ድምፅ "ሃዲር ማዳም፣ ሃዲር ማዳም" (በዓረብኛ "እሺ እመቤቴ" ማለት ነው) ስትል እሰማታለሁ።

የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ወረቀቱ ላይ እየጻፈ "ጭንቀት ነው፣ ትተኛ" ብሎ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘ። ሁለተኛው ቦታ "ለይቶላታል" ብለው መርፌ ወጓት፤ ሦስት ቀን ለሃጯን ስጠርግ ሰነበትኩ። ከዚያ አጥማቂ ነኝ የሚል ሰው ዘንድ ወሰድናት፤ አሥራ አንድ ቀን በሰንሰለት ታስራ ከረመች። ጸበል አልነቅፍም፤ እኔም ጸበል ጠጥቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። የሰንሰለቱ ጠባሳ ግን አሁንም ቀኝ እጇ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ከቤት ወደ ቤት፣ ከባዕድ እስር ወደ ወገን እስር አመላለስናት።

በዚህ መሀል ጫት ጀመረች። ከተኛች እዚያ ቤት ትመለሳለች፣ እንዳትተኛ ትቅማለች። ሲነጋ ደግሞ መንቃቱን ስለማትችለው ክኒኑን ትደራርባለች። የትኛው ከደረሰባት ነገር፣ የትኛው ከክኒኑ፣ የትኛው ከጫቱ እንደሆነ መለየት አቃተን። እሷም አንድ ቀን "እኔ የትኛዋ ነኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የአእምሮ ሕክምና ሲባል እኔ የማውቀው አማኑኤልን ብቻ ነበር። አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው "እዚሁ ጤና ጣቢያ የሥነ አእምሮ ነርስ አሉ፣ ለወንድሜ ደርሰውለታል" ያለኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር ለእናታችን ስል ብቻ ሄድኩ።

ገባን። ሲስተር ከወንበራቸው ተነሡ። ካርዱን ገለጥ አደረጉና መልሰው ዘጉት፤ እህቴን አይተው፦

"በየትኛው ስም ልጥራሽ?" አሏት።

ስንት ሐኪም፣ ስንት አጥማቂ፣ እኛም ቤተሰቦቿ ጭምር፣ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እህቴ ብዙ ቆየችና "አላውቅም" አለች። ሲስተር አልደነገጡም፣ ወደ እኔም ዞረው አልጠየቁኝም። "እሺ፤ እስክታውቂ ድረስ እኔ እህቴ እልሻለሁ" አሏት። እህቴ ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ለእኔ ሕክምናው የተጀመረው እዚያች ላይ ነው።

እናታችን "ዛር ይሆን እንዴ?" ስትል አልሳቁባትም፣ አልተቆጧትምም። "እናቴ፣ ይህ ነገር በየአገሩ በየስሙ ይጠራል፤ ልጅዎ የመጀመሪያዋ አይደለችም" አሏት። ሐኪሞች ዲሶሲዬሽን እንደሚሉት፣ ፒየር ዣኔ የሚባል ፈረንሳዊ ከ130 ዓመት በፊት ጀምሮ እንደጻፈበት፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞችም በፈረንጆች 2013 ባወጡት መመሪያ ሕመሙ "ሌላ ነገር ያዘኝ" በሚል መልክ ጭምር እንደሚመጣ መጻፋቸውን ነገሩን። የቀረውን አልያዝኩትም። የገባኝ ይህ ነው፦ ሰው መሸሽ የማይችልበት ቤት ውስጥ መከራ ሲበዛበት፣ እግሩ ካልሸሸ ልቡናው ይሸሻል። የሸሸበት ጊዜ ያተርፈዋል። ችግሩ መከራው ካለፈ በኋላም መሸሹ ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ስለ ጫቱም ሳያሳፍሯት ነገሯት። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ከራሱ ይበልጥ እንደሚርቅ አስረዷት። ሐሺሽ አጭሰው "እኔ እኔ አልመስል አለኝ" የሚል ስሜት ለወራት የማይለቃቸው ወጣቶችም እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ልጆች ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ክኒኑን ግን በአንድ ጊዜ እንድትተው አልፈቀዱም። እኔ በንዴት ልጥለው ስል "ወንድሜ፣ በድንገት ከተቋረጠ ሊያንፈራግጣት ይችላል" ብለው አስቆሙኝ። ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀነሱ አስተዋት። ለሕመሙ ለራሱ የሚሆን ክኒን የለም፣ መድኃኒቱ ንግግርና ጊዜ ነው ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። አሁን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንዲት ነገር ልጨምር። ጠረጴዛቸው ላይ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጤና አዳም አለ። እህቴ እንደለመደችው በመሀል ስትጠፋባቸው አይጮኹባትም፣ አይነቀንቋትም። አንድ ዘለላ ቀጥፈው መዳፏ ውስጥ ያሹላታል።

"ይህ ሽታ እዚያ ቤት ነበረ?"

"አልነበረም።"

"እግርሽ ምን ረግጧል?"

"መሬት።"

"ታዲያ የት ነሽ?"

"አገሬ።"

አሁን እናታችን በር ላይ ጤና አዳም ተክላለች። እህቴ ሌሊት ስትባንን ራሷ ወጥታ ትቀጥፋለች። ለብዙ ሳምንታት ሲስተር "ምን ደረሰብሽ?" ብለው አልጠየቋትም፤ መጀመሪያ እንቅልፍ፣ መጀመሪያ ምግብ፣ መጀመሪያ መሬት መርገጥ አሉ። ለጸበሉም "ሂጂ፣ እየቀነስሽ ያለሽውን ክኒን ግን እዚያም ዋጪ" አሏት። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ለኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው ይሄዳሉ ያሉትን አስታውሰው እናታችንን አሳመኗት።

ሁሉ ነገር አልቋል አልልም። አሁንም የምትጠፋበት ቀን አለ። ነገር ግን ጫቱን ከተወች አምስተኛ ወሯ ነው። ነጠላውንም ከመስታወቱ ላይ ራሷ አነሣችው። ባለፈው ሐሙስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ እንደወትሮው ወደ እኔ ዞራ "የታካሚዋ ስም ማን ነው?" አለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት እህቴ መለሰች። እናታችን ያወጣችላትን ስም፣ ከአባታችን ስም ጋር፣ ከአያታችን ስም ጋር፣ ቀጥ ብላ ተናገረችው።

ሲስተር፣ ስምዎን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩትም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ። ስንት ሺህ ብር አፍስሰን ያላገኘነውን፣ ከታክሲ ሒሳባችን ባነሰ የካርድ ገንዘብ ሰጡን።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ በሰንሰለት አትሰሩት፣ አትደብቁት፣ "ለይቶላታል" የሚላችሁንም አትመኑ። አዲስ አበባ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል "የሥነ አእምሮ ነርስ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሲስተር የሚገኙት ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ወረፋው ስለሚበዛ ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። መጓጓዣ የቸገረው ካለም ይንገረኝ፣ በእነዚያ ቀናት እኔ ራሴ አደርሳለሁ፤ እህቴም አብራ ትመጣለች።