ከደሴ ወደ ታጁራ፦ የጥቅምቱ የባህር ጉዞ ያዋጣል ወይ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ጥቅምት ላይ ሰው ሰብስቦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በባህር የጅቡቲ ትንሽ የወደብ ከተማ ወደሆነችው ታጁራ ይወስዳል። ማስታወቂያውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። «ይኬዳል ወይስ ብር ማባከን ነው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። ባጭሩ፣ ባህሩና ታጁራ ከከፈልኩት በላይ ናቸው። የወኪሉ ዝግጅት ግን ብዙ ይቀረዋል።

ወቅቱን በደንብ መርጠዋል፣ ይህን ልመስክርላቸው። ጅቡቲ በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ነፋሱም አሸዋ ይዞ ፊት ይገርፋል። ጦሳ ተራራ ሥር በጭጋግ ላደገ ሰው ያ ቅጣት ነው። ጥቅምት ሲገባ በረደ ባይባልም ይቻላል፤ ጠዋትና ማታውማ ደስ ይላል።

መንገዱን አትተኙበት። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ በሎጊያና በሰመራ አድርጎ የሚሄደው አስፋልት የድሮው የአሰብ መንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው፣ በኋላም የኛ ሹፌሮች በኤንትሬ የጭነት መኪና ሲመላለሱበት የኖሩት። አብረውን ከተጓዙት አንዱ አዛውንት በደርግ ጊዜ የአሰብ ሹፌር ነበሩ። ዲቾቶን አልፈን መንገዱ ሲከፈል ኮስተሩን አስቁመው በጣታቸው አሳዩን። «ይሄኛው ነው በማንዳ በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚያስገባው። ቀን ሙቀቱ ጎማ ስለሚያፈነዳ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንነዳው፣ ልጆቼ» አሉን። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ጭነታችን ወደ ጅቡቲ ዞሯል። እሳቸው ባይኖሩ ያችን መገንጠያ ማንም ሳያያት እናልፍ ነበር፤ የወኪሉ አስጎብኚ ስልኩ ላይ ነበርና።

ድንበሩ ጋላፊ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። ቪዛውን ቀድመው ስለጨረሱልን ግን ብዙ አልተንገላታንም። እዚህ ላይ ምስጋና ይገባቸዋል።

ቅሬታዬ ጅቡቲ ከተማ ይጀምራል። የታጁራው ፌሪ በየቀኑ የሚነሳ አይደለም። ወኪሉ ይህን ሳያጣራ ነው ይዞን የገባው። ደርሰን ስንጠይቅ «ነገ የለም» ተባልን። አስጎብኚው «አብሽሩ፣ ይስተካከላል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። አንድ ስልክ ደውሎ የመነሻውን ቀን ማረጋገጥ እኮ ከባድ አይደለም። ሰው ፈቃድ ወስዶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ቆጥቦ ነው የሚመጣው። ሆቴሉም ኤሲ አለው ተብሎ ነበር፤ የኛ ክፍል ኤሲ ሌሊቱን ሲቆም ሲነሳ አደረ።

የባከነውን ቀን ያተረፈልን ምግቡ ነው። በድሮው ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ስንዞር ውለን የየመን ዓሣ ቤት ገባን። ዓሣውን ከራሱ እስከ ጭራው ሰንጥቀው ይዘረጉታል፣ ቀይ ቅመም ይቀቡታል፣ ከዚያ በሚንቀለቀል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ያስገቡታል። ቆዳው ይጠቁራል፤ ሥጋው ግን አይደርቅም፣ በጣት ሲነኩት ይላቀቃል። አብሮት የሚመጣው ሰፊ ስስ ቂጣ ከዚያው ምድጃ የወጣ ነው። ለብቻ የሚበላ ነገር አይደለም፣ ሰብሰብ ብላችሁ ግቡ። ዶላር ስትመነዝሩ ደግሞ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ መሆኑን እወቁ። 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው፤ ከዚያ ብዙ ዝቅ አድርጎ የሚሰጣችሁን እለፉት።

አሁን ወደ ባህሩ። በፊልም የምናየውን ባለመዋኛ መርከብ አትጠብቁ። ፌሪው ሰው፣ መኪናና ጭነት የሚያመላልስ የሕዝብ ትራንስፖርት ነው። እኔ በጣም ወደድኩት። የአፋር እናቶች ፍራሽና የዱቄት ጆንያ ዙሪያቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል፣ ልጆች ከብረቱ አጥር ሥር እግራቸውን አንጠልጥለዋል፣ አንዱ ወጣት በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ እንዳይቀልጥበት ከጥላ ወደ ጥላ ይዞት ይዞራል። ከወደቡ እንደወጣን ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፤ እየራቅን ስንሄድ ድንገት ጠቆረ፣ ጥልቅ መሆኑ ያስታውቃል። ዶልፊኖች ብቅ ሲሉ ኮስተሩ ውስጥ ቃል ያልተነፈሱት ሁሉ ተነስተው ይጮሁ ጀመር። ጠዋት ባህሩ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ይንጣል። ሆድ የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የማስታወክ መከላከያ ኪኒን ውሰዱ፣ ሆዳችሁንም አትሙሉ። የወኪሉ ሰዎች ይህንንም አልነገሩንም፤ አንዲት እህት ስትመለስ በጣም ተሰቃየች።

ታጁራ ትንሽ ከተማ ናት። ባህሩ ጥግ ላይ ነጫጭ ቤቶች፣ ከቤቶቹ መሃል ብዙ መስጊዶች፣ ከኋላ የጎዳ ተራሮች። ከመሃላችን አንዷ የባቲ ልጅ ናት፤ አፋርኛ ትችላለች። ወደቡ ላይ ለተቀመጡ ሽማግሌዎች ሰላምታ ስትሰጥ ወዲያው ወንበር ተፈለገ፣ ሻይ መጣ። ስለ ባቲ ሰኞ ገበያ ጠየቋት፤ አንደኛው በወጣትነቱ ግመል ይዞ እዚያ ድረስ መጥቶ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው አስጎብኚያችን መናገር የነበረበትና ያልተናገረው ነው። አሰብና ጅቡቲ ዋና ወደብ ከመሆናቸው በፊት የሸዋ ሲራራ ነጋዴ ከባህር የሚገናኝባት አንዷ በር ታጁራ ነበረች። ግመሉ ከዚህ ተነስቶ በአፋር በረሃ አድርጎ አንኮበር አጠገብ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። ከላይ ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታም በባርነት የተያዙ ሰዎች በዚሁ መንገድ ይወርዱ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ አስጭኖ ጉዞ የጀመረው ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ እዚሁ ወራት ሲጠባበቅ ቆይቷል። አንዱ ሸሪኩ ታሞ ሄደና ሞተ፣ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሌላው ነጋዴም ሞተ፤ ቅፍለቱ የተነሳለት በ1886 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር ነው፣ እኛ በደረስንበት ወቅት ማለት ነው። ይህን እያወቁ ባህሩ ዳር መቆምና ሳያውቁ ፎቶ ተነስቶ መመለስ በጭራሽ አይገናኙም። የኛ ሰው ከፍሎ የሚሄደው የራሱን ታሪክ ሊሰማ ነው፤ ወኪሉ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ቢቀጥር ጉዞው ሌላ ይሆናል። ደሴ ውስጥ የታሪክ መምህር አልጠፋም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጊዜው ነው። የባከነው ቀን ከታጁራ ላይ ተቀነሰ፣ ገና ሻዩን ሳንጨርስ «ተነሱ፣ ጀልባው እንዳያመልጠን» ተባልን። በዕቅዱ ላይ ያለው ሳብል ብላን የሚባለው የባህር ዳርቻ ቀረ። ኦቦክም እንዲሁ። ፈረንሳይ በ1862 እ.ኤ.አ. በውል የያዘችውና ጅቡቲ ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫዋ ያደረገችው ኦቦክን ነበር፤ ለማየት በጣም ጓጉቼ ነበር። ስንመለስ ቢሮው ሄጄ ስለቀረው ክፍል ገንዘብ ይመለስልኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ እናደርጋለን አሉኝ። በቃል ነው፣ በወረቀት አልሰጡኝም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ግማሹን ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዙ፦ ፌሪው የሚነሳበትን ቀን፣ ታጁራ ላይ ማደሪያ መያዙን፣ የቀረ ነገር ካለ ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑን። አርብ ጅቡቲ ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው፤ ጉዳይ ካላችሁ በዚያ ቀን አትግቡ። ከቻላችሁ ኅዳርን ምረጡ፤ ሙቀቱ ይበልጥ ይቀንሳል፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዌል ሻርክም ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ታጁራ ላይ ካላሳደሯችሁ ግን ይቅርባችሁ፤ እኔም ማደሪያው እስኪረጋገጥልኝ ድረስ ለኅዳሩ ጉዞ አልተመዘገብኩም።