ፈረንጅ አራዳ ያሳተምኩት የሆላንድ ካርታ

ለጂኦግራፊ ክፍሌ የኖርዶስትፖልደርን ካርታ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት በባነር አሳተምኩ። ቀለሙ ቁልጭ ያለ ነው።

ይህ የሆላንድ ገጠር ድሮ ባሕር ነበር። ግድብ ሠርተው፣ ውሃውን በፓምፕ መጥጠው እ.ኤ.አ. በ1942 አደረቁት። መሃሉ ላይ ኤመሎርድ ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ በብስክሌት የሚደረስባቸው አሥር መንደሮች። ስኮክላንድ ግን ደሴት ነበረች። ጎርፉና ድህነቱ ስለበረታ እ.ኤ.አ. በ1859 ሕዝቡ እንዲለቅ ተደረገ። ዛሬ እርሻ መሃል ጉብ ብላ ትታያለች። እኔ በጣም የምወዳት እሷን ነው። አንዷ ተማሪዬ ጣቷን እዚያው ላይ አሳርፋ "ቲቸር፣ ዓሣዎቹስ?" አለችኝ።

የመንደሮቹ ስም ደቅቆ ከኋላ ወንበር አልነበበም ነበር። መልሼ ስወስደው የማተሚያ ቤቱ ልጅ ሳያጉረመርም፣ ሳንቲም ሳይጨምር ደግሞ አተመልኝ። አሁን ናጌለ እንኳን ከበሩ ይነበባል።