አስራ አንድ ወር ከመላጊያ ማሽኔ ጋር

ጣውላ የሚያለሰልሰውን ይህን ማሽን የገዛሁት አምና ጥቅምት ላይ ነው። ከመርካቶ አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ገባ። አምስት ሆነን አወረድነው። ዛሬ መስከረም ነው። በዚህ አስራ አንድ ወር ውስጥ የበር፣ የአልጋ፣ የቁም ሳጥንና የትምህርት ቤት ዴስክ ጣውላ አልፎበታል። ክረምቱንም በጋውንም አይቶታል። ስለዚህ ካርቶኑ እንደተከፈተ የሚጻፍ ውዳሴ አትጠብቁ።

የማሽኑን ስም አልጠራም። ያው ማሽን ሦስት አራት ዓይነት ስም ተለጥፎበት ገበያ ላይ አለ። ዋጋውንም ተዉት፤ እናንተ እስክትደርሱ ሌላ ይሆናል። ይልቅ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ አንብቡ። የእኔ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 2.2 ኪሎ ዋት፣ 14.5 አምፔር ትላለች። 3 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላ ይቀበላል፤ ሦስት ቢላ አለው። አብሬ የገዛሁት የሰጋቱራ መሳቢያ (ልጣጭና ብናኝ በቱቦ የሚስብ ማሽን) ደግሞ 1.5 ኪሎ ዋት ሲሆን ወደ 10 አምፔር ይጎትታል።

እንግዲህ ደምሩት። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ወደ 25 አምፔር ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ቢበዛ 16 ነው የሚችለው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሁለቱንም ከአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቼ ሠራሁ። ኤክስቴንሽኑ 40 ሜትር ነው፤ ግማሹ እንደተጠቀለለ መሬት ላይ ተቀምጧል። አናጢ ነኝ እንጂ ኤሌክትሪሻን አይደለሁም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባህር ዛፍ ጣውላ እየላግን ረዳቴ «አያ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አለኝ። ሞተሩን ነካሁት፤ ደህና ነው። ሽታው ከኋላዬ ነበር። የተጠቀለለውን ሽቦ ብነካው ከምጣድ እንደወጣ ዳቦ ይፋጃል። ስፒናውን ልነቅል ስል እምቢ አለ። በግድ ሳወጣው በአንደኛው እግሩ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ከሶኬቱ ሁለት ክንድ እንኳ የማይርቅ የሰጋቱራ ክምር አለ። ያን ቀን ሥራ አቆምን።

በማግሥቱ የመጣው ኤሌክትሪሻን መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ማሽኑ አይደለም። «ከቆጣሪው እስከዚህ ስንት ሜትር ነው?» አለኝ። ለካንነው፤ 28። ሂሳቡን በእርሳስ ጣውላ ላይ ሠርቶ አሳየኝ። በ2.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ሽቦ 25 አምፔር ቢሄድ፣ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ 10 ቮልት ይቀራል። የቀረው ቮልት ሙቀት ሆኖ ሽቦው ውስጥ ነው የሚያልቀው። በ6 ካሬ ግን የሚቀረው ወደ 4 ቮልት ብቻ ነው። 6 ካሬ አስገባን። ለመሳቢያውና ለመላጊያው የየራሳቸውን መስመር ለየን። ለመላጊያው ተራውን ስፒና ትተን ሰማያዊውን የኢንዱስትሪ ስፒናና ሶኬት ገጠምን።

ሽቦ ስትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ይዞ ከመዳብ ያነሰ ጅረት ነው የሚችለው። እኔ አንድ ጥቅል መልሻለሁ። ሻጩ ተቆጣ፤ ግን ተቀበለኝ።

ብሬከሩም አስቸግሮን ነበር። መጀመሪያ የገባው 16 ቢ (16 አምፔር፣ ቢ ዓይነት) የሚል ነው። ማሽኑን ባስነሳን ቁጥር ጧ ብሎ ይወርዳል። ሞተሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይጎትታል። ቢ የሚባለው ብሬከር ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ላይ ይወርዳል፤ ሲ የሚባለው ግን የሚወርደው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ላይ ነው። በ20 ሲ ቀየርነው፤ ከዚያ ወዲህ በመነሻ ላይ ወርዶ አያውቅም። አንዳንዱ ሰው ብሬከር ሲያስቸግረው ወደ 40 ይቀይረዋል። ሽቦው ቀጭን እንደሆነ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ግን ጠባቂውን አስተኝቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው።

አሁን ወደማልረሳው ቀን ልምጣ። ጥር ላይ ነው። ሥራ ላይ እያለን መብራት ሄደ። ያን ጊዜ ማሽኑ የነበረው ከፋብሪካ የመጣው ማብሪያ ነው፤ ወደ ላይ ካደረጋችሁት እዚያው የሚቆም ዓይነት። ልጣጩ ክዳኑ ሥር ታፍኖ ስለነበር ረዳቴ ጊዜውን ልጠቀምበት ብሎ ክዳኑን ከፍቶ በእጁ መጎተት ጀመረ። ማብሪያውን ያጠፋ ሰው የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ። ልጁ አንድ እፍኝ አውጥቶ ሊጥል ወደ ጆንያው ዞር እንዳለ አጠገባችን ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ጮኸ። በዚያችው ቅጽበት ማሽኑ አገሳ። ልጁ ልጣጩን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ። ጣቶቹ ከቢላው የወጡት ምናልባት ሦስት ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው።

ደንበኛው «እግዚአብሔር ነው ያተረፈው» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ኮንታክተር አስገጠምኩ። አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ነው። አረንጓዴውን ስትጫኑ ውስጡ ያለው ጥቅል ማግኔት ሆኖ መስመሩን ይይዛል። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ ይለቃል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሰው አረንጓዴውን ካልተጫነ አይነሳም። ከሥሩ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጎትት የሚቆርጥ ኦቨርሎድ አለ። እሱን ልክ ቆርቆሮዋ ላይ ባለው 14.5 ላይ አቆምነው። እንደኛ መብራት በሚመላለስበት አገር ይሄ ዕቃ የሌለው መላጊያ ባይሸጥ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ክዳን ከመከፈቱ በፊት ስፒናው ይነቀልና ልጁ አጠገብ ባለች ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ይሄን ያወጣው ራሱ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

የመሬት ሽቦውን ነገርም ላንሳው። አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ግቢ ውስጥ ቀበርን። አፈራችን መረሬ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ ስለሆነ ኤሌክትሪክን በደንብ ይወስዳል። በጋ ሲገባ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይሸሻል። የካቲት ላይ በስንጥቁ ጣቴን አስገብቼ ዘንጉን ነክቻለሁ። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት በሳምንት አንድ ጀሪካን ውኃ አጠጣዋለሁ። ጎረቤቶች ችግኝ የተከልኩ ይመስላቸዋል። ከሱ በተጨማሪ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር አለ። በወር አንድ ቀን የመሞከሪያ ቁልፉን እጫናለሁ።

ሌላው የምሽት ቮልት ነው። ቴስተር ገዝቼ ለካሁ። ጠዋት 218 ያሳያል። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ምድጃና ምጣድ ሲለኩስ፣ 184 ደርሶ አይቻለሁ። 184 የ220 ወደ 84 በመቶ ነው፤ ትንሽ የቀነሰ ይመስላል። የሞተር ጉልበት ግን ከቮልቱ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው። ስለዚህ የሚቀረው 70 በመቶ አካባቢ ነው። እንጨቱ ግን ቀለል አይልም። ሞተሩ ጉድለቱን ለማካካስ ብዙ አምፔር ይጎትትና ይግላል። የቆርቆሮዋ ቁጥር ደግሞ እንደ ልማዱ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው የሚሠራው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በደንብ አይበርድም። እኔ ከ200 በታች ካየሁ አልልግም። የምሽቱን ሰዓት ለማጣበቅና ለማሸት አድርጌዋለሁ። ጄኔሬተርም ሞክሬያለሁ፤ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ባለ 3 ኪሎ ዋቱ አንድ ጊዜ አቃስቶ ጠፋ።

ዕድሉ ካላችሁ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) አስገቡ። ያው 2.2 ኪሎ ዋት በ380 ቮልት በእያንዳንዱ መስመር ወደ 5 አምፔር ብቻ ነው የሚፈልገው። ነጠላ መስመር ሞተርን የሚያስነሳው ካፓሲተር የሚባል ጣጣም የለበትም። ቢላው ወደ ኋላ ከዞረ ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ ያውም መብራት ተቆርጦ፣ በባለሙያ እጅ።

ስለ ሰጋቱራው መሳቢያ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቅንጦት ነው ብዬ ነበር። ዋንዛ ሲላግ የሚወጣውን ልጣጭ ያየ አይልም። በአንድ ሰዓት ሁለት ጆንያ ይሞላል። ሳይሳብ ከቀረ ልጣጩ ራሱ ከጣውላው ጋር ተመልሶ ይገባና የለሰለሰውን ፊት ይወጋጋዋል። ትልቁ ነገር ግን የማይታየው ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ በተለይ ከአፍንጫ ካንሰር ጋር ያያይዘዋል። አብሮ የመጣው ከረጢት ሳስቶ የተሠራ ጨርቅ ነው። ልጣጩን ይይዛል፣ ዱቄቱን መልሶ ይተፋል። በቆርቆሮው ቀዳዳ በምትገባው ጨረር ውስጥ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

መፍትሔ ብዬ መሳቢያውን ወደ ውጭ፣ ጣሪያው ሥር አወጣሁት። ለሳንባችን ጥሩ ሆነ። ለጎረቤቴ ግን አልሆነም። በርበሬ አስጥተው ነበር። «ልጄ፣ ዘንድሮ በርበሬዬን ከእንጨት ጋር ልታስፈጨኝ ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ በማግሥቱ ሌላ ነገር ሠራሁ። ክዳን ያለው በርሜል በማሽኑና በመሳቢያው መካከል አስገባሁ። አየሩ በጎን ገብቶ በርሜሉ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ልጣጭ ወደ ታች ይወድቃል፤ ለከረጢቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከረጢቱንም ጥቅጥቅ ባለ ቀየርኩት። መሳቡ ትንሽ ቀንሷል፤ ግን ቱቦውን ከ6 ሜትር ወደ 2 ሜትር ተኩል ሳሳጥረው ተመለሰ። ቱቦው 100 ሚሊ ሜትር ነው። ልጣጭ መንገድ ላይ እንዳይተኛ በውስጡ አየሩ በሰከንድ ወደ 20 ሜትር መሮጥ አለበት። የተቆለመመ ረጅም ቱቦ ይሄን አይሰጣችሁም። ጎረቤቴ አሁን የጥዱንና የዋንዛውን ሰጋቱራ ለዶሮዎቻቸው ይወስዳሉ። የኮምፔንሳቶ ሰጋቱራ ግን አልሰጣቸውም፤ ሙጫ አለበት።

ሁልጊዜ መሳቢያው ቀድሞ ይነሳል፣ መላጊያው ይከተላል። ስናጠፋ ተቃራኒው ነው፤ መላጊያው ከቆመ በኋላ መሳቢያው አሥር ሰከንድ ያህል ይቆያል። ሁለቱ ሞተሮች አብረው ስለማይነሱ መስመሩም ይተነፍሳል። የቡና ከሰልም ከበርሜሉ ርቋል። ሚስማር የቀረበት አሮጌ ጣውላ ቢላውን ቢመታ ብልጭታው በቀጥታ ወደ ሰጋቱራው ነው የሚሳበው።

ማሽኑ ራሱስ? ደህና ነው። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ስለመጣ ሁለት ብሎን ላልቶ ነበር፤ ጠረጴዛውም በአንድ በኩል ግማሽ ሚሊ ዝቅ ብሎ ነበር። እናንተም ከማስነሳታችሁ በፊት አጥብቁ። ዋንዛን በ1 ሚሊ ሲልግ እንደ ቅቤ ነው። ባህር ዛፍ ላይ ግን ቢላው ቶሎ ይደንዛል፤ እስካሁን ስድስት ጊዜ አስለናል። ጣውላው ሊወጣ ሲል ጫፉን ትንሽ ይበላል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ትቼ ነው የምቆርጠው። ክረምት ላይ በደንብ ያልደረቀ ጥድ ስናስገባ ሙጫው ጎታቹን ሮለር ያንሸራትተዋል፤ በጋዝ መጥረግ ነው። በነጭ ጋዝ ስትጠርጉም ስፒናው ተነቅሎ። ጠዋት ጠዋት ስለሚበርድ ልጁ ጋቢ ለብሶ ይመጣል፤ ማሽኑ አጠገብ ግን ጋቢም፣ ፎጣም፣ ጓንትም ክልክል ነው።

ያሳዘነኝ የጎታቹ ሮለር ጎማ ነው። አስራ አንድ ወር ሳይሞላ አልቋል። መለዋወጫው እዚህ የለም። አንድ ቶርኖ ቤት በልኩ እሠራልሃለሁ ብሎኛል፤ የመጪው ሳምንት ማክሰኞ ሮለሩን ፈትቼ እወስድለታለሁ።