ባለ ሦስት ሽፋን የእህል ከረጢት፦ ከነቀዝ አረባብ አንጻር ሲመዘን

የበቆሎ ማከማቻ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው በፍሬው ውስጥ የተደበቀውን የነቀዝ ትውልድ ይደርስበታል ወይ የሚለውን ነው። እንስቷ ነቀዝ በሹሉና ረጅሙ አፏ ፍሬውን ቦርቡራ አንድ እንቁላል ከጣለች በኋላ ጉድጓዱን ቶሎ በሚደርቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ስለምትደፍነው፣ የተያዘው ፍሬ በዐይን ሲታይ ከጤነኛው አይለይም። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሰል እጭ እዚያው እየበላ አድጎ፣ በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በ70 በመቶ የአየር እርጥበት 35 ቀን ገደማ ሲሞላው ጉልምስ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። አንዲት እንስት በዕድሜዋ ከ300 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ወንዱ የሚለቀው ጠረንም ሌሎች ነቀዞችን፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ ወደ እህሉ ይስባል።

ማበጠር የሚያስወግደው የወጡትን ብቻ ነው፤ በላይ የሚነሰነስ ዱቄት መድኃኒትም በፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ አያገኘውም። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ጆንያ ውስጥ ተደርበው የተሠሩበትን ይህን ማከማቻ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። አፉ በደንብ ሲታሰር ነቀዙና እጩ ራሳቸው የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ከዚያም መብላት ያቆማሉ፣ እንቁላል መጣሉም ይቋረጣል፣ ውሎ አድሮም በድርቀት ይሞታሉ። በምግብ እህል ላይ መርዝ መጨመር ለሚያሳስበን ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም ከረጢቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሞላሁት ከረጢት በሹል የቆረቆንዳ ስባሪ ተቀዶብኝ፣ ስከፍተው ነቀዙ በሕይወት እየተርመሰመሰ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እህሉን ሳላበጥር አልሞላም፣ ሁለቱን ሽፋኖችም አንድ በአንድ አየር ነፍቼ እፈትሻለሁ። በግማሽ የተሞላ ከረጢት ብዙ አየር ስለሚይዝ ኦክስጅኑ ቶሎ አያልቅም፤ በየሳምንቱ እየከፈቱ መቅዳትም አዲስ አየር ያስገባል። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ የሆነ በቆሎ ደግሞ ከመግባቱ በፊት መድረቅ አለበት፤ ከረጢቱ እርጥበቱን እንዳለ ይዞ ስለሚያቆየው እህሉ ይሻግታል።

አይጥ በማይደርስበት ቦታ ለማስቀመጥና ለወራት ሳይከፍት ለማቆየት ለሚችል ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ።