ሪዘርቭ ያለው ይሻላል ወይስ የነዳጅ መብራት ያለው? ሞተር ሳይክል ለምትገዙ

ሞተር ሳይክል ለመግዛት ስንዞር ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ እንጠይቃለን። ቤንዚን ሊያልቅ ሲል በምን እንደሚያስታውቅ ግን ብዙም አንጠይቅም። መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ያለው፣ ከታንኩ ሥር «ኦን»፣ «ሪዘርቭ» እና «ኦፍ» እየተባለ በእጅ የሚዞር የቤንዚን መዝጊያ የተገጠመለት ነው። ሁለተኛው ኢንጀክሽን ነው፤ ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ገፍቶ ወደ ሞተሩ ይረጫል። እሱ የሚዞር ነገር የለውም፤ ጌጅ (የቤንዚን መጠን ማሳያ) ወይም መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ታያላችሁ፣ በቃ።

ሪዘርቭ ሲባል ሌላ ትንሽ ታንክ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፣ ታንኩ ያው አንድ ነው። መዝጊያውን ፈታችሁ ብታዩት ቀጥ ብሎ ወደ ታንኩ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለው። «ኦን» ላይ ስትሆኑ ቤንዚን የሚወርደው በዚያ ቱቦ ጫፍ ብቻ ነው። ቤንዚኑ ከጫፉ በታች ሲሆን መውረዱ ይቆማል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ሲያልቅ ሞተሩ ይንተፋተፋል። «ሪዘርቭ» ላይ ስታዞሩት ከሥር ያለው ቀዳዳ ይከፈትና የተረፈው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሊትር ቢሆን ነው። በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሞተር ሳይክል 2 ሊትር ማለት 80 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በታንኩ ጠቅላላ ሊትር ውስጥ የተቆጠረ ስለሆነ፣ ሻጩ ለብቻው ቢደምርላችሁ መመሪያውን እዩ።

የዚህኛው ትልቁ ጥቅም ሽቦም ባትሪም አለመፈለጉ ነው። ችግሩ ከነጂው ይመጣል። ቤንዚን ሞልታችሁ የመዝጊያውን ማንሻ ከ«ሪዘርቭ» ወደ «ኦን» ካልመለሳችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ ትላላችሁ። ደግሞ መንተፋተፉ የጭነት መኪና እየቀደማችሁ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ማንሻውን ሳታዩት ማግኘት አለበት፤ ቆማችሁ ተለማመዱት።

ኢንጀክሽኑ ምቹ ነው። መብራቱ የሚበራው ሞተሩ ገና ደህና እየሠራ ሳለ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የምታዞሩት ነገር የለም። ፓምፑ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ታንኩ ውስጥ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ሁልጊዜ መብራቱ በርቶ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያደክማል። ጌጁም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይዋዥቃል፣ ሜዳ ላይ ሆናችሁ አንብቡት።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ መዝጊያ ያለውን በሦስቱም ቦታ ሞክሩት። «ኦፍ» አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መዝጊያው ያሳልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መዝጊያ የካርቡሬተሩ መርፌም (ካርቡሬተሩ ሲሞላ ቤንዚኑን የሚያቆመው) በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ሊያስገባ ስለሚችል፣ የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ አሽትቱ። «ኦን» ላይ ደህና ሄዶ «ሪዘርቭ» ላይ የሚያስነጥስ ከሆነ ከታንኩ ሥር ውሃ ወይም ዝገት ተጠራቅሟል። «ኦፍ» የሌላቸው ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ሞተሩ ሲጠፋ በራሳቸው ይዘጋሉ፣ ይህ ሙከራ አይሠራባቸውም። ኢንጀክሽን ከሆነ ቁልፉን ስትከፍቱ ጆሯችሁን ወደ ታንኩ አስጠጉ። ለአፍታ እዝዝ የሚል የፓምፕ ድምፅ ትሰማላችሁ። ካልተሰማ ወይም ከተንገጫገጨ መካኒክ ሳያየው አትክፈሉ።

እኔ ማደያ የሚራራቅበት ረጅም መንገድ ለሚነዳ መዝጊያ ያለውን እመርጥለታለሁ፤ መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ በተራ መፍቻ ይፈታል። ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ግን ኢንጀክሽኑ ይሻላል። አንድን ሞተር ሳይክል ሁለት ሦስት ሰው እየተቀባበለ የሚነዳው ከሆነማ ጭራሽ አላመነታም፣ መብራት ያለውን ግዙ። ሌላው ሰው ማንሻውን የት ላይ ትቶት እንደሄደ ማን ያውቃል?